የምድር ቤቱ አሥራ አራት መጻሕፍት

ሬሳውን ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ባልዲዋን አንጠልጥላ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ስትወርድ መብራቱ በርቶ አገኘችው። «ዛሬ ደግሞ ማን ቀደመኝ?» አለች ለራሷ። በስድስተኛውና በሰባተኛው መደርደሪያ መሀል ሁለት ጫማዎች ታዩዋት። ጫማዎቹ ባዶ እንዳልሆኑ የገባት አጠገባቸው ከደረሰች በኋላ ነው።

ኢንስፔክተሯ ሁለት ሰዓት ላይ ደረሰች። ዩኒቨርሲቲ ሳለች በፈተና ሰሞን ወንበር ለመያዝ እዚህ ቤት ትመላለስ ነበር፤ ለመጽሐፍ ብላ ግን መጥታ አታውቅም። ምድር ቤቱን ስታይ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። ኮርኒስ የሚነካ የብረት መደርደሪያ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ፣ የረጠበ ወረቀት ሽታ። ሟቿ የምድር ቤቱ መጋዘን ኃላፊ ሲሆኑ ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ተማሪዎቹ «እሜቴ ፀጥታ» ይሏቸዋል፤ እስክሪብቶ ከወደቀበት ሰው ጋር እንኳ የሚጣሉ ሴት ነበሩ። አሁን ማንም በማይረብሻቸው ቦታ በጀርባቸው ተንጋለዋል።

«ትናንት ማታ ነው፤ ከአሥራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ» አለ የአስከሬን ሐኪሙ ተንበርክኮ እንዳለ። «ክንዳቸው ላይ የጣት ምልክት አለ፤ ሰው ጨምድዶ ይዟቸዋል። ከዚያ ጭንቅላታቸው ከዚህ የብረት እግር ጋር ተጋጭቷል። ወዲያው አልሞቱም። ሩብ ሰዓት ሳይቆዩ አይቀሩም።»

«ግንባራቸው ላይ ያለውስ?»

«ከላይ የወረደባቸው ነገር ነው። ማዕዘን ያለው።»

ኢንስፔክተሯ ከሬሳው ትከሻ ሥር የተቀደደ የመጽሐፍ ልባስ ቁራጭ መዘዘች። ቀና ብላ መደርደሪያውን አየች፤ ሙሉ ነው። ወለሉን አየች፤ አንዲት ቅጠል ወረቀት የለችበትም።

«መጽሐፍ ወርዶባቸዋል» አለች። «ታዲያ ማን አነሳው?»

አብሯት የመጣው ሳጅን ትከሻውን ሰበቀ። ሳጅኑ ነገር ቶሎ ሲያልቅ የሚወድ ሰው ነው፤ ገና ደረጃውን ሲወርድ «ወድቀው ነው» ብሎ ጨርሶ ነበር።

ከአንባቢ የተመለሱ መጻሕፍትን ወደየቦታቸው የምትመልሰውን ወጣት አስጠሩ። ደርዳሪዋ አለቃዋን ላለማየት ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ ቆመች፤ እንባዋ ሳይደርቅ ቅንድቧ ተሰበሰበ።

«ይሄ እኮ የእኛ አደራደር አይደለም። ይሄ ረድፍ ግብርና ነው። የአፈሩ ከንቡ፣ የከብቱ ከአትክልቱ ተደበላልቋል። አንድ… ሁለት… አሥራ አራት መጽሐፍ ያለ ቦታው ገብቷል። እሳቸው ቢያዩ አንገቴን ነበር የሚቆርጡኝ» ብላ እንደገና አለቀሰች።

«እንግዲያው ገዳዩ የሙያው ሰው አይደለም» አለ ሳጅኑ። «የወደቀውን እንደመጣለት አጎረው።»

ኢንስፔክተሯም በዚህ ተስማማች። ኋላ ራሷን የወቀሰችው በዚህ ነው።

ከሟቿ ጋውን ኪስ አንድ የመጽሐፍ መጠየቂያ ወረቀት ወጣ። ጠያቂው የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነው፤ የፈለገው ስለ ከተማዋ ወንዝ የተጻፈ አሮጌ ጥናት ነው። በወረቀቱ ላይ በቀይ ቀለም «አይሰጥም። የሚወገድ» ተብሎ ተጽፎበታል።

የቤተ መጻሕፍቱ ዳይሬክተር ነገሩን አብራራ። ሕንጻው ሊታደስ ስለሆነ ሰባት ሺህ መጽሐፍ ይወገዳል። እሱ ቃሉን አይወደውም፤ «ክምችት ማስተካከል» ነው የሚለው።

«ተስተካክሎ የት ይሄዳል?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ወረቀት ፋብሪካ። ይፈጫል። መሸጥም ሆነ ለግለሰብ መስጠት በደንቡ ክልክል ነው። ዝርዝሩን የፈረሙት ሟቿ ናቸው፤ የማስወገጃ ኮሚቴው አባል ነበሩ።»

«ትናንት ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ሠራተኞቹ የት ነበሩ?»

«እኔ ቢሮ። አሥራ አንዳችንም እስከ አሥራ ሁለት ተኩል ስብሰባ ላይ ነበርን፤ ቃለ ጉባኤው እነሆ። እሳቸው ብቻ ‹ሥራ አለብኝ› ብለው ወረዱ። ስንጨርስ አብረን ወጣን፤ ዘበኛው ቆለፈ። ቀድመው የሄዱ ነው የመሰለን።»

በሩ ላይ ያለው ዘበኛም የእንግዶች መዝገቡን አሳየ። ሰኞ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ የገባ ሰው አልተጻፈም። ውስጥ የቀሩት በንባብ አዳራሹ የነበሩ ተማሪዎች ናቸው።

ከእነሱም አንዱ፣ ይኸው መጽሐፉን የጠየቀው ተማሪ፣ ሰኞ ዕለት አርባ ሰው በሚያዳምጥበት አዳራሽ መሀል ቆሞ፣ «ይቺ ሴትዮ ካልሞተች እዚህ ቤት ማንም አይማርም!» ብሎ ጮኾ ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ከቀትር በፊት ተማሪው በካቴና ነበር።

*

«ተናድጄ ነው» አለ ተማሪው። ከንፈሩ ደርቋል። «መመረቂያዬ በዚያ መጽሐፍ ላይ ነው የቆመው፤ ሌላ ቅጂ የለም። ለአንድ ቀን አሳዩኝና ከዚያ ፍጩት አልኳቸው። እምቢ አሉ።»

«ከዚያስ?»

ሳጅኑ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አንኳኳ።

«ከዚያ… ምድር ቤት ወረድኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ። ልለምናቸው ነበር። ‹ውጣ› አሉኝ፤ ወጣሁ። ስወጣ በሕይወት ነበሩ።»

«ከዚያ በኋላ ማን አየህ?»

«ማንም። በእግሬ ዞርኩ።»

ሳጅኑ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞሮ ቅንድቡን አነሳ፤ አለቀ ማለቱ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ካለው የእንጨት አግዳሚ ወንበር አንዲት ሴት ብድግ አለች። እጅጌዋ ላይ የክር ብጥስጣሽ ተለጥፏል፤ ልብስ ሰፊ ናት። የተማሪው ታላቅ እህት ነች።

«አልገደለም» አለች። «ዶሮ ሲታረድ ከቤት የሚወጣ ልጅ ነው። እናትና አባታችን ሲሞቱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። እናቱም አባቱም እኔ ነኝ።»

«ሐሙስ ሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ሰው ሲናገር ሰማሁ፤ ሃያ ዓመት ነው አሉ።»

«ይጣራል፣ እህቴ።»

«እንግዲያው እስኪጣራ እዚሁ ነኝ» አለችና ተመልሳ ተቀመጠች። ማክሰኞን እዚያው ዋለች። ረቡዕ ጠዋት ኢንስፔክተሯ ስትገባም እዚያው ነበረች፤ የወንድሟን ንጹሕ ሸሚዝ አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች።

*

ረቡዕ ጠዋት ሳጅኑ አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴውን አመጣ። ነጋዴው ከቤተ መጻሕፍቱ አጥር ሥር ሸራ ዘርግቶ የሚሸጥ ነው። ሟቿ ካንዴም ሁለቴ ደንበኞቹ ፊት ሌባ ብለውታል፤ ሸራው ላይም ማህተም ያለባቸው ሦስት መጻሕፍት ተገኝተዋል። ግራ ጉንጩ እንደ ኳስ አብጧል።

«ማን መታህ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«የጥርስ ሐኪም» አለ ጉንጩን ደግፎ። «ሰኞ ከአሥራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት። መንጋጋዬ ነው፤ እምቢ ብሎ ለሁለት ተከፍሎ ነው የወጣው። ስጮኽ ያልሰማ ጎረቤት የለም፤ ሄዳችሁ ጠይቁ።»

ሄደው ጠየቁ። ሐኪሙ ሳቀ፤ የታችኛው ፎቅ ተከራይ ደግሞ ጩኸቱን አስታውሶ ተማረረ።

«መጽሐፎቹስ ከየት መጡ?»

«ተማሪ ይዋሳል፣ ሲቸግረው ይሸጣል። እኔ የማንንም ጀርባ አላጠናም። ሴትዮዋን ግን፣ ነፍስ ይማር፣ አንድ ነገር ብያቸው ነበር። ‹ሰባት ሺህ መጽሐፍ ከምታስፈጩ ለእኔ ስጡኝ፣ ቢያንስ ሰው ያነበዋል› ብዬ። ‹ደንብ ነው› አሉኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»

ኢንስፔክተሯ ለቀቀችው። አሁን የቀራት አንድ ተማሪና አንድ ሌሊት ነው።

ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ወደ ምድር ቤቱ ተመለሰች። በርጩማ ስባ ሬሳው ከነበረበት ፊት ለፊት ተቀመጠች። የሚያስጨንቃት አንድ ነገር ነበር፦ ሰው ገድሎ የሚሸሽ ሰው ለምን መጽሐፍ ያነሳል? አደጋ ለማስመሰል ከሆነማ መጻሕፍቱ በላያቸው ወድቀው መገኘታቸው ነበር የሚጠቅመው። ተማሪው እንደዚያ ያለ ጅል አይደለም። ታዲያ ያነሳቸው ሰው ማንሳቱን ሳያስብበት ያነሳ መሆን አለበት።

አሥራ አራቱን አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። ጀርባቸው ላይ ሥር በኩል የታተመ መለያ ተለጥፏል፤ ደርዳሪዋ የምታነበው እሱን ነው፤ እውነትም ተዛንፏል። ከላይ ግን፣ ከጫፉ በታች፣ በነጭ ቀለም በእጅ የተጻፈ ደቃቅ ቁጥር አለ። ደብዝዟል። ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ ማክሰኞ ዕለት እዚሁ ቆማ አላየችውም። ጣቷን እያስከተለች አነበበች። ስምንት መቶ አሥራ ሁለት። አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ። አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ አንድ። ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሰባት። እየጨመረ ሄዶ አሥራ አራተኛው ላይ አምስት ሺህ ስልሳ ደረሰ። አንዲት ቁጥር ከተራዋ አልወጣችም።

ደርዳሪዋን ጠራቻት።

«ይሄ ቁጥር ምንድን ነው?»

«የድሮው የገቢ ቁጥር ነው። ድሮ መጽሐፍ የሚደረደረው በይዘቱ ሳይሆን ወደዚህ ቤት በገባበት ተራ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ተቀየረ። እኛ እሱን አናየውም፤ እኔ ስቀጠር ቀርቷል።» ከዚያ ራሷም ረድፉን አነበበችና እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ኧረ በሞትኩት! ተስተካክሎ ነው የተደረደረው።»

«በዚህ ቁጥር መደርደር የሚያውቅ ማን አለ?»

«ከሠራተኛው አለቃዬ ብቻ ነበሩ። የቀድሞዎቹ አልፈዋል። የቀሩት… ‹አባ ካርድ› የምንላቸው ናቸው፤ የካታሎጉን ካርድ ሃያ ስምንት ዓመት በእጃቸው የጻፉ። ነጩም ቁጥር የእሳቸው እጅ ጽሑፍ ነው። አደራደሩ ሲቀየር ጡረታ ወጡ።»

«አሁንም እዚህ ይመጣሉ?»

«አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ታሞ ሞተ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት መጽሐፍ ነበረው፤ እያነበበ በየህዳጉ በእርሳስ ይጽፍ ነበር። ሁሉንም ለዚህ ቤት ሰጡ። ‹ሳይበታተኑ አብረው ይቀመጣሉ› ተብሎ ተፈርሞላቸዋል። በየወሩ እየመጡ አንዱን አውጥተው የልጃቸውን ጽሑፍ ያነቡ ነበር።»

«አሁን የት ናቸው መጽሐፎቹ?»

«ባለፈው ዓርብ በመጀመሪያው መኪና ሄደዋል» አለች። «ኮሚቴው ‹በእርሳስ የተበላሸ› ብሎ መዘገባቸው።»

ኢንስፔክተሯ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠች ወጣች። ዘበኛው በሩ ላይ ፀሐይ ይሞቃል።

«አባቴ፣ ሰኞ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ማንም አልገባም ብለውኝ ነበር።»

«አልገባም። መዝገቡ ይኸው።»

«አባ ካርድስ?»

«እሳቸውማ ገብተዋል።»

«ታዲያ ለምን አልጻፏቸውም?»

«ምን ቆርጦኝ!» አለ ዘበኛው ተቆጥቶ። «መዝገቡ እኮ የእንግዳ ነው። እሳቸው የቤቱ ሰው ናቸው! እኔንም ያስቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸውን መዝገብ ላይ ጻፍ ማለት ስድብ ነው።»

«ሲወጡስ አይተዋል?»

«አላየሁም። ለስብሰባው ሻይ ይዤ ወጥቼ ነበር።»

ለአለቃዋ ደወለች። ኮማንደሩ እስክትጨርስ ጠበቃት፤ ይሄ ጥሩ ምልክት አልነበረም።

«በነጭ ቀለም የተጻፈ ቁጥር» አለ። «ዳኛው ፊት ቆመሽ ቁጥር ልታነቢ ነው? ልጁ ዝቷል፣ ምድር ቤት ወርጃለሁ ብሏል፣ ወረቀቱ ኪሳቸው ውስጥ ተገኝቷል። ነገ ሦስት ሰዓት ይቀርባል። ከዚያ በፊት የእምነት ቃል ካመጣሽ እሰማሻለሁ።»

*

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አባ ካርድ ራሳቸው በሩን ከፈቱላት። ሰባ የተጠጉ፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ናቸው። ቤታቸው አንዲት ክፍል ናት። በአንደኛው ግድግዳ ላይ መደርደሪያ የነበረበት ቦታ ከሌላው ቀለም ነጥቶ ይታያል፤ የምስማሮቹ ቀዳዳ አልተደፈነም።

«ሰኞ ቤተ መጻሕፍት ሄደው ነበር?»

«ሄጃለሁ። ስለ ልጄ መጽሐፎች ልጠይቅ። ስብሰባ ላይ ናቸው አሉኝ፤ ተመለስኩ።»

«ምድር ቤት አልወረዱም?»

«ጉልበቴ ደረጃ አይችልም፣ ልጄ።»

ኢንስፔክተሯ የአሥራ አራቱን መጻሕፍት የገቢ ቁጥር ብቻ የያዘ ዝርዝር ፊታቸው አስቀመጠች። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ሳይታወቃቸው ፈካ አለ።

«የንብ እርባታ። ጥሩ መጽሐፍ ነው። ጀርባው ግን ላልቷል፤ መጠረዝ ነበረበት።» ከዚያ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው መለሱላት። «ቁጥር ማንበብ የሚችል ሰው ብዙ ነው።»

«ይህንን ቁጥር? ማን ማን?»

«ሞተዋል።»

«ሟቿንም ያሰለጠኗቸው እርስዎ ነዎት አሉ።»

«በሃያ አምስት ዓመቷ ነው የመጣችው። እርሳስ አያያዝ አታውቅም ነበር።»

«አንድ ተማሪ ታስሯል። ያውቃሉ?»

«በሬዲዮ ሰማሁ» አሉ ነጣ ወዳለው ግድግዳ እያዩ። «ካልገደለ ይለቁታል።»

«እንደሱ ቀላል ቢሆን ኖሮ እኔ በጠዋት እዚህ ምን አመጣኝ?»

ዓይናቸውን ከግድግዳው አልነቀሉም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ተነስታ ጣቢያ መጥተው ቃላቸውን እንዲፈርሙ ጠየቀቻቸው። እምቢ ማለት ይችሉ ነበር። ኮታቸውን ለበሱና ቤታቸውን ቆልፈው ተከተሏት። በመኪናው ውስጥ ሰዓቷን ስታይ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ምንም ማስረጃ አልያዘችም፤ ይህንንም አዛውንቱ ከእሷ እኩል እንደሚያውቁ ተሰማት።

ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ ቢሮው ተቆልፎ ስለነበር ሳጅኑ ቁልፉን ሊያመጣ ሮጠ። አዛውንቱ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። የተማሪው እህት አየቻቸውና ሸሚዙን አቅፋ ከአግዳሚው ላይ ተነሳች።

«ይቀመጡ አባቴ። ይቀመጡ፣ ደክሞዎታል» ብላ ክንዳቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው። አጠገባቸው ቁጭ አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እርስዎም ልጅ ታስሮብዎት ነው?»

አዛውንቱ ቀና ብለው አዩዋት።

«የእኔ ሞቷል» አሉ።

«ነፍስ ይማር። የእኔ ወንድሜ ነው። ዛሬ ፍርድ ቤት ይወስዱታል፤ እስከዚያ ይህችን ሸሚዝ አቀብሉልኝ ብዬ እምቢ አሉኝ። የለበሳት ከማክሰኞ ጀምሮ ሰውነቱ ላይ ነች። ዳኛ ፊት በቆሻሻ ሸሚዝ ሲቀርብ ወንጀለኛ ይመስላል ብዬ እኮ ነው» አለች፤ እጇ አሁንም ክንዳቸው ላይ ነው። «አይዞዎት። እግዚአብሔር የሠራነውን ያውቃል።»

«ያውቃል» አሉ አዛውንቱ። ያቀፈችውን ሸሚዝ አዩ። ሳጅኑ ቁልፉን እያንቃጨለ መጣ፤ ኢንስፔክተሯ በእጇ አስቆመችው።

«ወንድምሽን ያሳሰርኩብሽ እኔ ነኝ» አሉ።

ሴትዮዋ አልገባትም። «ምን አሉኝ አባቴ?»

«ሴትዮዋን እኔ ነኝ የገደልኳት።» ከዚያ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞሩና እንደሚያስጽፍ ሰው ቀስ ብለው ተናገሩ። «‹የልጄን መጽሐፎች መልሺልኝ› አልኳት። ‹ዓርብ ሄደዋል፤ ተፈጭተዋል› አለችኝ። ‹ደንብ ነው፣ እርስዎ ያስተማሩኝ ደንብ ነው› አለች። ክንዷን ይዤ ነቀነቅኳት። ልገድላት አልነበረም። መደርደሪያው ተነቃነቀ፣ መጽሐፉ በላይዋ ወረደ፣ ሚዛኗን ስታ ወደቀች።»

«ከዚያስ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«መጽሐፎቹ ወለሉ ላይ ተበትነው ነበር። አንዱ ተቀድዷል። አንድ በአንድ አነሳኋቸው፣ አበስኳቸው፣ ደረደርኳቸው። ታቃስት ነበር። እየሰማኋት ነው የደረደርኩት። ስጨርስ ድምጿ ጠፋ።»

ሳጅኑ ወረቀት ግድግዳው ላይ አስደግፎ መጻፍ ጀመረ። ሁለት ጊዜ ሰረዘ።

«የዚህችን ልጅ ወንድም መያዛችንን ሲሰሙስ?»

«ዛሬ እመጣለሁ፣ ነገ እመጣለሁ አልኩ። የልጄ ሞት ያሳመመኝን ያህል የማንም ልጅ ሊያሳምመኝ አይችልም ብዬ ነበር» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

የተማሪው እህት እጇን ከክንዳቸው ላይ አነሳች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ሸሚዙን ደረቷ ላይ ጨምቃ ወደ ኢንስፔክተሯ ተጠጋች።

«ይፈታል?»

«ይፈታል።»

«ዛሬ?»

«አሁን። አለቃዬን አናግሬ ራሴ አወጣዋለሁ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ኮማንደሩ ቢሮ ስትሄድ ከበሩ ላይ ዞር ብላ አየች። አዛውንቱ ሴትዮዋ እንድትቀመጥ ቦታ ሊለቁላት ወደ አግዳሚው ጠርዝ ተጠግተዋል። እሷ ግን አልተቀመጠችም። ከእሥር ክፍሉ በር ፊት ሄዳ ቆማ ጠበቀች።